ኤቴልካ ለጋሼ ኤርኖ የሰጠችው መልስ

በእኛ መንደር በፋሲካ ማግስት፣ ሰኞ ዕለት፣ ወንድ የተባለ ሁሉ የሽቶ ብልቃጥ ኪሱ ከትቶ ቤት ለቤት ይዞራል። እኛ ሴቶቹን ሽቶ እንረጫለን፤ እነሱ ቀይ የተቀባ እንቁላል ይሰጡናል፤ አባወራው ደግሞ የፕሪም አረቄ ይቀዳልናል። ወደ ማታ ላይ የመንደሩ ሽቶ ተጠራቅሞ ዝይ ሲያሰክር በዓይኔ አይቻለሁ። አንዷማ የቄሱን ኮፍያ አድርጋ ድልድዩ ላይ ስትንጎራደድ አግኝቻታለሁ፤ የማያምን ይተወው። ከመርጨት በፊት ግን ግጥም ይባላል፤ የግጥሙ መጨረሻ «መርጨት ይፈቀዳል ወይ?» የሚል ጥያቄ ነው። ቅድመ አያቶቻችን ጠይቀዋል፣ እኛም እንጠይቃለን። መልሱን ጠብቆ የሚያውቅ ግን የለም።

ጋሼ ኤርኖ የበርበሬ ወፍጯችን ሥራ አስኪያጅ ነበሩ። ትጉህ ሰው ናቸው፤ በተለይ እጃቸው ሥራ ፈትቶ አያውቅም። ኤቴልካ ከረጢት ስትሞላ ከኋላዋ ይመጡና ሚዛን እንዴት እንደሚነበብ ያሳይዋታል። ሚዛኑ ከፊቷ ነው፤ እጃቸው ወገቧ ላይ።

«ሚዛኑ እዚያ ነው፣ ጋሼ» ትላቸዋለች ፈቀቅ ብላ።

«አንቺ ልጅ፣ ቀልድ አታውቂም እንዴ?»

ኤቴልካ ልጇን ለብቻዋ የምታሳድግ ሴት ናት። የሙከራ ጊዜዋ የሚያልቀው ከፋሲካ በኋላ ነው፤ ቋሚ ትሁን ወይስ ትሰናበት የሚሉት ደግሞ እሳቸው ናቸው። ስለዚህ ቀልድ ማወቅ ነበረባት።

በጾሙ መሃል የወፍጮው ባለቤቶች ከዋና ከተማ ትእዛዝ ላኩ፤ ሠራተኛው ሁሉ በሥራ ቦታ ስለሚደርስ ጾታዊ ትንኮሳ ይማር አሉ። አስተማሪ ሲፈለግ ጋሼ ኤርኖ ተገኙ። ከተማ ሄደው ሰልጥነው፣ የምስክር ወረቀት በመስታወት አስገብተው፣ የአቤቱታ ተቀባይ ሹመትም ደርበው ተመለሱ። ደግሞ ሲያስተምሩ፣ አይዋሽም፣ ጥሩ አድርገው አስተማሩ።

«ቀልድ የሚባለው ሁለቱም ሲስቁ ነው» አሉ። «እምቢ ማለት እምቢ ነው። ዝምታም እሺታ አይደለም። ያየ ሰው እንዳላየ አይሁን።»

አጠገቤ የተቀመጡት እትዬ ዮላን፣ በርበሬ ሲለቅሙ ያረጁ ሴት፣ ጎሸም አደረጉኝ። «ይኼን ሰውዬ ምን አጠጥተው ነው የላኩት?»

«ቆይ፣ ይለቀዋል» አልኳቸው።

ወዲያው ለቀቃቸው። ትምህርቱ እንዳለቀ «ገባሽ?» ብለው የኤቴልካን ጉልበት መታ መታ አደረጉ።

የፋሲካው ሰኞ ደረሰ። ጋሼ ኤርኖ፣ የሒሳብ ሠራተኛው ባላዥ፣ እና የወፍጮው ሹፌር እኔ፣ ሦስት ሆነን ኤቴልካ በር ቆምን። ጋሼ ኤርኖ ጉሮሯቸውን ጠርገው ጀመሩ፦

«በደጅሽ ሳልፍ አበባ አየሁ፣
እንዳትጠወልግ ላጠጣት መጣሁ፤
መርጨት ይፈቀዳል ወይ?»

ብልቃጡን ከፈቱ።

«አይፈቀድም» አለች ኤቴልካ።

ባላዥ ሳቀ። ሌላ የሳቀ ሰው እንደሌለ ሲያይ ሳቁን ወደ ሳል ለወጠው።

«ምን አልሽ?» አሉ ጋሼ ኤርኖ።

«ጠየቁኝ፣ መለስኩልዎ። አይፈቀድም፣ ጋሼ።»

አባቶቻችን ለዚህ የሚሆን ስንኝ አላዘጋጁም። ጋሼ ኤርኖ አንዴ ብልቃጡን፣ አንዴ እኛን አዩ። ከዚያ «ባህል ነው እኮ፣ ምን ያስኮርፋል» ብለው ወገቧን ጨምድደው ወደ ራሳቸው ሳቧት፤ ሽቶውን ደረቷ ላይ ደፍተው ሊስሟት አጎነበሱ። ኤቴልካ በሁለት እጇ ገፈተረቻቸውና በሩን ዘጋች። እንቁላልም የለም፣ አረቄም የለም።

በማግስቱ ወፍጮ ቤት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «የሙከራ ጊዜሽ አብቅቷል። ጠባይሽ ለሥራ አይመችም» አሏት።

«አቤቱታ አለኝ።»

«ለአቤቱታ ተቀባዩ አቅርቢ።»

«ይኸው እያቀረብኩ ነው።»

«በማን ላይ?» አሉ፣ እንደ ሰለጠኑት።

«በእርስዎ ላይ።»

«ተቀበላት እንጂ፣ ኤርኖ» አሉ እትዬ ዮላን። «ተምረህ መጥተህ የለ?»

ጋሼ ኤርኖ ጉዳዩን ራሳቸው አጣርተው ለራሳቸው እንደሚያሳውቁ ቃል ገቡ። እትዬ ዮላን ማሽኑን አጠፉ። የወፍጮው ድምፅ ሲቆም የመንደሩ ውሾች ደንግጠው ሃይማኖት ቀየሩ ይባላል፤ ይኼን እንኳ እኔ አላየሁም። ሴቶቹ ባለቤቶቹ ዘንድ ደወሉ፤ በሳምንቱ አንዲት አጣሪ መጣች።

መጀመሪያ የተጠራው ባላዥ ነው። በዚያች ደቂቃ የኤቴልካን ቱሊፕ አበባዎች ሲመለከት እንደነበር ተናግሮ ወጣ። ስለዚህ ያየሁት እኔ ብቻ ሆንኩ፤ መከራውም እዚህ ላይ ነው። አጣሪዋ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ አየችኝ።

«ዝይ ኮፍያ አድርጋ ስትሄድ አየሁ የምትለው ሰው አንተ ነህ?»

«ዝይዋ ሌላ ጉዳይ ናት።»

«ሰው ሁሉ የወሬ አባት ነው ይልሃል።»

«ልክ ናቸው።»

ኤቴልካ ውጭ አግዳሚው ላይ ቦርሳዋን አቅፋ ተቀምጣለች። እኔን ካላመኑኝ ዛሬውኑ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ምላሴ በልማዱ መቀባባት ጀምሮ ነበር፤ ብልቃጡን በርሜል ሊያደርገው፣ ጋሼ ኤርኖን እንደ ኮርማ ሊያስጓራቸው። ነከስኩት።

«ጠየቀ። አይሆንም አለች። ያዛት።»

አጣሪዋ ብዕሯን እንደያዘች ጠበቀች። «ቀጥል።»

«አለቀ።»

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።»

እንዲህ ያለ አጭር ነገር አውርቼ ስለማላውቅ ላብ አጠመቀኝ። ከእኔ ቀጥለው እትዬ ዮላን ገቡ፤ ከዚያ የመሙያ ክፍሉ ሴቶች ተራ በተራ። ስለ ጋሼ ኤርኖ እጅ የነገሯት ከእኔ ወሬ እጅግ ይረዝም ነበር፤ ያውም አንዲት ቅጥያ ሳይጨመርበት። ባላዥ የሴቶቹን ሰልፍ ሲያይ ተመልሶ ገባና፣ ቱሊፑን አይቶ ሲጨርስ ቀና ብሎ እንደነበር ትዝ አለው።

ጋሼ ኤርኖ ከሥራ ተሰናበቱ። መጠጥ ቤት ቁጭ ብለው «የከሰሱኝ እኔው ባስተማርኳቸው ነው» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ በሕይወታቸው እንዲህ የገባን ትምህርት አስተምረው አያውቁም።

ኤቴልካ ቋሚ ሆነች። መጀመሪያ ሰሞን ከረጢት ስትሞላ በየደቂቃው ወደ ኋላዋ ትገላመጥ ነበር። የትኛው ቀን ላይ እንደተወችው ማናችንም ልብ አላልንም።