ለጥቅሉ የተላኩ ሽማግሌዎች

ሒክማ ያን ሰሞን ልቧ የተንጠለጠለው በአንድ ትንሽ ፕሮግራም ላይ ነበር። ፕሮግራሙን የጻፈው ሌላ ሰው ነው፤ የእሷ ሥራ ማንም ሰው ኮምፒውተሩ ላይ በቀላሉ እንዲያስገባው አድርጎ ማሸግ፣ ጥቅል ማድረግ ነው። በኔትወርክ የተያያዘ ኮምፒውተር ሁሉ እንደ ቤት ቁጥር ያለ አድራሻ አለው። አድራሻዎቹ በሰፈር በሰፈር ይከፈላሉ፤ ከፋዩ ድንበር ከሳተ ቢሮ ከቢሮ ይጣላል። ይሄ ፕሮግራም አንድ አድራሻ ሲሰጡት ሰፈሩ ከየት ተነስቶ የት እንደሚያበቃ አስልቶ ይናገራል። ሒክማ የፈለገችው በዓለም ዙሪያ ያሉ ሰዎች በጋራ ከሚሠሩት፣ ሊኑክስ ከሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ጋር በዲስክ ተገልብጦ አብሮ እንዲታደል ነው።

ምኞቱ የመጣው ከሳንጃ ነው። እዚያ በአንድ ቢሮ የኮምፒውተር ሠራተኛ የሆነው ጓደኛዋ ምናለ ኢንተርኔት የሚባል ነገር የለውም። ዲስክ ላይ የሌለ ነገር ለእሱ ዓለም ላይ የለም። አድራሻ የሚከፍለው በጣቱ እየቆጠረ ነው። በቅርቡ ለሥራ አስኪያጁና ለማተሚያው አንድ አድራሻ ሰጥቷቸው፣ ሥራ አስኪያጁ ኮምፒውተራቸውን ሲከፍቱ ማተሚያው ይሞታል፣ ማተሚያው ሲነቃ ሥራ አስኪያጁ ይጠፋሉ።

ጥቅሉን ወደ ውስጥ የሚያስገባው ግን ሥልጣን ያለው ሰው ብቻ ነው። ሒክማ ሆላንድ ለሚኖር ፒተር ለሚባል ሰው ላከችለት። የመለሰላት የእንከን መዓት ነው፦ ሰው እንዲገለብጠው የሚፈቅደው ጽሑፍ ጎድሏል፣ መግለጫው ፍሬ ነገር የለውም፣ የአጠቃቀም ገጽም የለም። ሐሙስ ደግሞ የጥቅል መቀበያው በር ይዘጋል። ያን ቀን ያልገባ ቀጣዩን ዲስክ ሁለት ዓመት ይጠብቃል።

አንገቷን ደፍታ አጎቷ ሐጂ አብዱልመናን ሱቅ ገባች። ሐጂ ቅመም ነጋዴ ናቸው፤ ጎንደር የሚያውቃቸው ግን በሽምግልና ነው። ያላጋቡት ሰው የለም።

«ምነው አዘንሽ?» አሏት። «እንከን ካወጣማ ሰውየው ወዶታል። ልጁን ሊሰጥ ያላሰበ አባት በደህና ግቡ ብሎ ይሸኛል እንጂ የሙሽራውን ጥፍር አያይም።»

«አጎቴ፣ ይሄ እኮ ጋብቻ አይደለም።»

«ጥቅሉ ሙሽራ ነው። ፒተር በሩን የያዘ አባት ነው። ምን ቀረ? ሽማግሌ። አንቺ ብቻሽን ሄደሽ አንኳኳሽ። ሸጋ ልጅ ነሽ፤ ግን ዓይን አውጣ ነሽ።»

ስቃ ወጣች። እርማቱንም ሁሉ ሠራች። መላኩ ግን ጨነቃት፤ አንዴ ነውሬ ታይቷል፣ ዳግመኛስ ብላ። ከመግለጫው አንዲት ቃል ስታነሳ ስትጥል ረቡዕ ደረሰ።

ረቡዕ ጠዋት ወደምትሠራበት የዩኒቨርሲቲው ኔትወርክ ክፍል ስትገባ የሥራ ባልደረባዋ ኢዮስያስ ቀና ብሎ አላያትም። የሊኑክሱ ሰዎች ሁሉ የሚያነቡትን የጋራ የደብዳቤ ገጽ ከፈተች። ሦስት ደብዳቤ ተሰልፏል።

የመጀመሪያው የሐጂ ነው። «ለተከበሩ አቶ ፒተር። እንደምን ሰነበቱ? ቤተሰብ ደህና? ከብቱ ደህና? ለአንድ ጉዳይ መጥተናል። ጉዳዩን ቀስ ብለን እንነግርዎታለን።»

ሁለተኛው፦ «ሙሽራው አይጠጣም፣ አያጨስም፣ ሜሞሪም ብዙ አይበላም።»

ሦስተኛው ባጭሩ፦ «ከሳንጃ ምናለ ነኝ። እሺ ካላሉን አንቀመጥም። ቆመናል።»

«ኢዮስያስ።»

«አቤት።»

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ሐጂ አዘዙኝ። ምናለም በስልክ አስጻፈኝ። እኔ ተርጓሚ ነኝ።»

«ሁለተኛውስ?»

«ሁለተኛው ከልቤ ነው።»

ሒክማ ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ ታልቅስ ትሳቅ ኢዮስያስ አልለየለትም። ሳቅ ነበር። እንባዋን እየጠረገች ሳለ የፒተር መልስ ገባ።

«ሒክማ፣ ሦስት ሰዎች ቆመውብኛል። ከብት የለኝም፤ አንዲት ድመት አለችኝ፣ ደህና ናት። ለምን እንደመጡ እስካሁን አልነገሩኝም፤ ሚስቴ ግን እንግዳ አቁመህ ታስቀራለህ ብላ ተቆጥታኛለች። ስለ ጥቅሉ ከሆነ፣ የታረመው የታለ? እንከኑን የጻፍኩልሽ እኮ አርመሽ እንድትልኪው ነው።»

ኢዮስያስ በትከሻዋ በኩል አነበበ። «አልላክሽም እንዴ?»

«እያስተካከልኩ ነበር።»

«እኛ ሰው በር ላይ ቆመን፣ ሙሽራው ገና ቤቱ ጫማ ያስራል?»

ቢስሚላህ ብላ ላከችው። ጥቅሉ በቀርፋፋው መስመር የሊማሊሞን ዳገት እንደሚወጣ የተጫነ መኪና እያቃሰተ ተሳበ፤ ደረሰም። ፒተር አንድ እንከን አገኘ፤ ጥቅሉ ያለሱ የማይሠራውን ሌላ ፕሮግራም አልጠቀሰም። ሰውየው ደብዳቤውን ጽፎ ሳይጨርስ ያረመች መሰለው። የአስር ሶላቷን ሰግዳ ስትመለስ አንድ ቃል ጠበቃት፦ «ገብቷል።»

ስልኩን ብድግ አድርጋ ሳንጃ ደወለች። «በሚመጣው ዲስክ ላይ አለ።»

በስልኩ ውስጥ ምናለ ወንበር ሲስብ ተሰማ። «እንግዲያ ልቀመጥ?»

«ተቀመጥ።»

ሐሙስ ጠዋት ሐጂ ሙሽራውን ሊያዩ መጡ። ሒክማ ሥራዋን አይቶ የማያውቅ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጣ የጥቅሉን ስም ጻፈች። የጽሑፍ መስመሮች ተንደረደሩ፤ አለቁ።

«ምን ሆነ?» አሉ ሐጂ።

«መጣ።»

«ከየት?»

«ከውጭ አገር።»

«እዚህ አይደል እንዴ ያሸግሽው?»

«እዚህ ነው።»

«ከዚህ ሄዶ፣ ከውጭ ተመልሶ ገባ?»

«አዎ አጎቴ።»

«እንደ ሳንጃ ሰሊጥ በይኛ። ሰሊጥ ሆኖ ይሄዳል፣ ዘይት ሆኖ ይመጣል። ዋጋው ስንት ሆኖ ተመለሰ?»

«በነፃ።»

ሐጂ እንደ ነጋዴ ደነገጡ። ኢዮስያስን አዩት፤ እሱም በአዎንታ ራሱን ነቀነቀላቸው። «አላህ ያሳያችሁ፣ እውነት በነፃ? ለሁሉም?» አሉና ወንበሯ ጎን መጡ። «እስቲ አጥፊውና እኔ ላምጣው።»

አጠፋችው። ስሙን መልሳ ጻፈችላቸውና የሚነካውን ቁልፍ አሳየቻቸው። ሐጂ እጅጌያቸውን ሰብስበው በአንድ ጣታቸው ተጫኑ። መስመሮቹ ሲወርዱ አፋቸውን ከፍተው ቆዩ፤ ሒክማና ኢዮስያስ በሳቅ ጠረጴዛው ላይ ተደፉ።

«ዝም በሉ፣ እንግዳ እየገባ ነው» አሉ ሐጂ። ካለቀ በኋላም ጣታቸውን አላነሱም። «ደግሞ አጥፊው።»