ከአውቶቡሶቹ ወገን

«ሰኞ ከሥራ ከቀረሽ የስንት ዓመት ልፋትሽን ውኃ በላው ማለት ነው» አለች ሸዋርካብሽ፣ ለቀስተኛው እንዳይሰማት ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አድርጋ።

ልጇ ሀኒ የንፍሮውን ሳህን እንደያዘች ፍራሹ አጠገብ ተንበረከከች። አባቷ ጥጋቡ የተቀበረው ትናንት ነው። የእድሩ ድንኳን ከአውቶቡስ ተራ ጀርባ ያለችውን ጠባብ መንገድ ሞልቷታል። ሀኒ የምትሠራው ሶማሌ ተራ፣ የጋሼ ሙነወር ጨርቅ ማከፋፈያ ውስጥ ነው። ለአዋላጅነት ተፈትና አልፋለች፤ ትምህርቱ ሰኞ ከአውቶቡስ ተራው ማዶ ባለው ኮሌጅ ይጀመራል። በሱቁ የስንብት ክፍያ የሚያስገኘውን አምስት ዓመት ልትደፍን ግን ጥቂት ወራት ይቀሯታል።

«እማዬ፣ ይሄ አሁን ይወራል?»

«መቼ ይወራ ታዲያ? አባትሽም እንዲሁ ሊሞላ ሲል ነው ጥሎ የወጣው።»

ይህን ብላ ራሷ ደነገጠች። በሕይወት ሳለ የነዘነዘችው አንሶ፣ ድንኳኑ ሳይነሳ ልትወቅሰው ነው።

ጥጋቡ የብረት መጋዘን ውስጥ ጫኝና አውራጅ ነበር። ሀኒ ገና አንደኛ ክፍል ሳለች አንድ ቀን ሥራውን ለቅቆ ባዶ እጁን መጣ። ከዚያ ወዲህ እስኪሞት የኖረው በቀን ሥራ ነው። ሸዋርካብሽ እንግዳ በመጣ ቁጥር፣ «የኔ ባል እኮ እስከ አምስት መቁጠር ያቃተው ነው» እያለች ታስቅበታለች። እሱም አብሮ ይስቅና፣ «ምን ላድርግ፣ አራት ላይ ስደርስ እንቅልፍ ይወስደኛል» ይላል። ጠዋት ጠዋት ልጁን ትምህርት ቤት ሲያደርስ፣ ሥራ የፈታ ባል ለዚህ እንኳ ይጠቅማል ብላ ነበር የተጽናናችው።

ከሰዓት ጋሼ ሙነወር መጥቶ፣ አላህ ያጽናዎት ብሎ ተቀመጠ። ሸዋርካብሽ ብዙም ሳትቆይ ጠጋ ብላ ስለ ልጇ ክፍያ ጠየቀችው።

«እትዬ ሸዋርካብሽ፣ ለቅሶ ቤት ተቀምጬ አልዋሽዎትም» አላት በለሆሳስ። «አምስት ዓመት ሳይሞላው በገዛ ፈቃዱ ለሚለቅ ሠራተኛ የስንብት ክፍያ የለም። ለሷ ለይቼ ብሰጥ ሌሎቹ ምን ይሉኛል? ሰኞ ጠዋት ሱቅ ከገባች ግን የመልቀቂያ ማመልከቻዋን እንዳላየሁት እቆጥረዋለሁ።»

ሸዋርካብሽ መረቀችው። ሀኒም ከወዲያ ሰምታ አንገቷን ደፋች። በእናቷ ሐዘን ላይ ሌላ ሐዘን ልትጨምር አልፈለገችም።

እንግዳው ከወጣ በኋላ ጥላሁን ሸዋርካብሽን ተጠጋት። ከጥጋቡ ጋር አንድ ብረት ግራና ቀኝ ይዞ የተሸከመ፣ የመጋዘኑ ባልደረባው ነው።

«ሸዋዬ፣ ነገሩን ገልብጠሽ ነው የያዝሽው» አላት። «ሥራ ስለፈታ አይደለም ልጁን ያደረሳት። ልጁን ሊያደርስ ነው ሥራ የፈታው።»

ከዚያ ሁሉንም ነገራት። በዚያ ዓመት ወደ ኋላ የሚመለስ አውቶቡስ አንዲት ተማሪ ገጭቶ ነበር፤ ሀኒ ዓይኗ እያየ። ከዚያ ቀን በኋላ ብቻዋን አልሻገርም አለች። ሸዋርካብሽ ደግሞ ያኔ ገና ሳይነጋ ነበር አትክልት ልትሸጥ ወደ ጉልቷ የምትወጣው። መጋዘኑም ጠዋት የሚያረፍድ ሰው አይፈልግም።

«ለምን አልነገረኝም?»

«ብነግራት ጉልቷን ትዘጋዋለች፣ የሷ ገበያ ጠዋት ነው፣ ሥራ ፈት ብትለኝ ይሻላል አለኝ። አውቶቡስ ተራን ሲያቋርጡ አያቸው ነበር። ሁልጊዜ ልጅቷ በአጥሩ ወገን፣ እሱ ከአውቶቡሶቹ ወገን።»

ሸዋርካብሽ ነጠላዋን ተከናንባ መጀመሪያ ሳቀች። «ይሄ ሰውዬ!» አለች። ለቀስተኛው የሰማው ግን ሳቁ ወደ ለቅሶ ከዞረ በኋላ ነው።

ሰኞ ጠዋት ሀኒ የሱቅ ጋዋኗን በፌስታል ይዛ ወጣች። ሸዋርካብሽም ተከትላት ወጣች። አንዲት ጎረቤት፣ ባሏ የሞተባት ሴት ሐዘን ሳትወጣ ወዴት ነው ብላ አጉረመረመች። ሸዋርካብሽ ፌስታሉን ከልጇ ተቀብላ ብብቷ ስር ሸጎጠችውና እጇን ያዘቻት።

«እማዬ፣ ሱቁ እኮ በዚያ ነው።»

«አውቃለሁ።»

አውቶቡስ ተራ ደረሱ። አንድ አውቶቡስ ወደ ኋላ እየመጣ ነበር፤ ረዳቱ ጎኑን በመዳፉ እየደበደበ፣ «ና! ና! ና!» ይላል። ሸዋርካብሽ ቆም አለች። ከዚያ በልጇ ፊት አልፋ፣ ሀኒን ወደ አጥሩ አስጠግታ፣ ራሷ ከአውቶቡሶቹ ወገን ሆነች።