አንድ ዓይነት ስህተት

የፕሮባብሊቲ መምህራችን ሁለት የፈተና ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ዘርግቶ ጠበቀኝ። አንዱ የእኔ ነው። ሌላው የሚስማር። ሚስማር የምንላት ቀጭን ስለሆነች ብቻ አይደለም፤ አንዴ ወንበር ላይ ከተተከለች ትምህርቱ እስኪያልቅ አትነቃነቅም። ከአንደኛ ዓመት ጀምሮ የምትቀመጠው አጠገቤ ነው።

«አምስተኛው ጥያቄ» አለኝ መምህሩ።

አምስተኛው የብሎን ጥያቄ ነበር። አንድ ማሽን የሚያወጣቸው ብሎኖች አማካይ ውፍረታቸው ሃያ ሚሊሜትር፣ ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑ 0.08 ነው፤ አንድ ብሎን ከ20.1 ያለመብለጥ ዕድሉ ስንት ነው? ጥያቄው ለነጥብ ማሟያ የተጣለ ነው። ልዩነቱን ታካፍላለህ፣ 1.25 ይመጣልሃል፣ ከሰንጠረዡ ላይ ቁጥሩን ታነሳለህ፣ አለቀ። መልሱ 0.8944 ነው። እኔ 0.8994 ጽፌያለሁ። ሚስማርም 0.8994 ጽፋለች።

«ትክክለኛውን መልስ ሁለት ሰው ቢያገኘው አይገርምም። ስህተት ግን፣ ያውም እስከ አራተኛዋ አኃዝ አንድ ዓይነት የሆነ ስህተት፣ ጎን ለጎን በተቀመጡ ሁለት ሰዎች ላይ በአጋጣሚ የሚደርሰው ከአሥር ሺህ አንዴ ነው።»

«አልገለበጥኩም።»

«ጓደኛሽ ትናንት አምና ፈርማለች። ገልባጭም አስገልባጭም ቅጣቱ አንድ ነው። ከፈረምሽ ኮርሱን ትደግሚያለሽ፣ በዚሁ ያበቃል። እምቢ ካልሽ ሐሙስ ኮሚቴ ፊት ትቀርቢያለሽ። ኮሚቴው ደግሞ ለአንድ ዓመት ያባርራል።»

እስክሪብቶውን ወደ እኔ ገፋው። እኔም መልሼ ገፋሁለት። «ሐሙስ እንገናኝ፣ መምህር» ብዬ ወጣሁ። ፊት ለፊት እርስዎ ነው የምለው፤ በልቤ ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ አንተ ሆኗል።

ከእሱ ይልቅ ያቃጠለችኝ ሚስማር ናት። ወረቀቷን እንዳላየሁ ከማንም በላይ አውቃለሁ። እኔ ካላየሁ ያየችው እሷ ናት፤ ለዚያም ነው የፈረመችው። ሦስት ዓመት ሙሉ እርሳሴን የቀረጸችልኝ ሰው! ኮሪደሩ ላይ ስታየኝ «ስሚኝ እንጂ፣ አንዴ ላናግርሽ» እያለች ተከተለችኝ። ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ አለፍኳት።

የምኖረው አክስቴ ቤት ነው። አክስቴ በአንድ ሆስፒታል የልብስ ማጠቢያው ኃላፊ ናት፤ ቤቷም ውስጥ ቢሆን አንሶላ ሲጨማደድ አትወድም። ነገሩን የነገርኳት አንሶላውን በሁለት ጫፍ ይዘን እያጣጠፍን ነው።

«አንድ ኮርስ አይደል? ፈርሚና ተገላገይ» አለች።

«እታለም፣ ያላደረግኩትን አደረግኩ ብዬ?»

«እና ዓመት ሙሉ ቤት ልትጎለቺ? እናትሽም እንዲሁ ነበረች። ግድግዳ ጋር ትጋጭና ግድግዳው ይቅርታ ይጠይቀኝ የምትል!» አንሶላውን ሳብ አደረገችው። እኔም ጫፌን አልለቀቅኩም። ቀና ብላ አየችኝ። «አልገለበጥሽም አይደል?»

«አልገለበጥኩም።»

«እንግዲያው እንዳትፈርሚ። ደግሞ አታልቅሺባቸው። ያለቀሰ ሰው ጥፋተኛ ይመስላቸዋል።»

በማግስቱ ቀትር ላይ ቤተ መጻሕፍት ገባሁና ያንን ጥያቄ እንደ አዲስ ሠራሁት። ኮሚቴው ፊት ስቀርብ ቢያንስ የት እንደተሳሳትኩ ማወቅ አለብኝ። አካፈልኩ፣ 1.25። ሰንጠረዤን አወጣሁ። 0.8994።

መደመሬን፣ መቀነሴን፣ ማካፈሌን ደጋግሜ አየሁ። ልክ ነው። ጣቴን ቁጥሩ ላይ አድርጌ ግራና ቀኙን ተመለከትኩ። በስተግራ፣ 1.24 ላይ፣ 0.8925። በስተቀኝ፣ 1.26 ላይ፣ 0.8962። መሀል ላይ 0.8994! የዚህ ሰንጠረዥ ቁጥሮች ወደ ቀኝ በሄዱ ቁጥር ያድጋሉ እንጂ ወጥተው አይወርዱም። ዕድል ሲደመር እንዴት ያንሳል? ቁጥሩ ከላይ እስከ ታች ውሸት ነው፤ ወረቀቱ ግን ሴሚስተሩን ሙሉ እጄ ላይ ነበር። ራሴን በጥፊ ባጮለው ደስ ባለኝ።

ለፈተናው የየራሳችንን ሰንጠረዥ ይዘን እንድንገባ ተፈቅዶልን ነበር። የእኔን የገዛሁት ከግቢው በር አጠገብ ካለው ኮፒ ቤት ነው። እዚያው ሄጄ ባለ ኮፒ ቤቷን ጠየቅኳት።

«ኧረ ያ ሰንጠረዥ ዓይኔን ነው ያጠፋው!» አለች። «ዋናው ደብዝዞ አልታይ ሲለኝ ተቀምጬ እንደ አዲስ ተየብኩት። ሁለት ቀን ፈጀብኝ።»

«ለስንት ሰው ሸጥሽው?»

«መጽሐፉ የሌለው ሁሉ ከእኔ አይደል የሚወስደው? ምነው፣ ጥሩ አልወጣም?»

«በጣም ጥሩ ወጥቷል» አልኳት።

ወደ ግቢው ስመለስ እግሬ መሬት አልነካም። ሚስማርም የያዘችው ያንኑ ሰንጠረዥ ነው፤ አልገለበጠችም ማለት ነው። ግን ታዲያ ለምን ፈረመች? እስክሪብቶ ሲገፋላት ፈርታ ነው፣ ሌላ ምን ይሆናል! ንዴቴ በረደ ስል መልኩን ቀይሮ መጣ። ፈሪ ሄጄ አላባብልም ብዬ እስከ ሐሙስ ሳላናግራት ቀረሁ።

ሐሙስ ጠዋት ከጠረጴዛው ማዶ ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል፤ ሰብሳቢው ሸበቶ የሲቪል ምህንድስና መምህር፣ የእኛ መምህር፣ ጸሐፊዋ። መምህሩ ከአሥር ሺህ አንዷን እንደገና አነሳ። ሰብሳቢው የምትዪው ካለ አሉኝ።

«መምህር፣ ከአሥር ሺህ አንድ ያሉትን በምን ስሌት አገኙት?»

«የየአኃዙን ዕድል በማባዛት።»

«ማባዛት የሚፈቀደው መቼ ነው?»

ፊቱ ቀላ። «አንዱ ኩነት በሌላው ላይ ለውጥ የማያመጣ ሲሆን፣ የጋራ ምክንያት ከሌላቸው» አለ። ራሱ ነው ያስተማረኝ፤ ሰሌዳው ላይ ሁለት ጊዜ አስምሮበት ነበር።

«እንግዲያው የክፍሉ ወረቀት በሙሉ ይከፈትልኝ። አምስተኛው ጥያቄ ብቻ።»

«ተማሪ ኮሚቴን አያዝም!»

«ይቺ ተማሪ ግን እየጠየቀች ነው» አሉ ሰብሳቢው። «ወረቀቱን አምጣው እስቲ።»

መምህሩ ያረመው የእኛን ረድፍ ብቻ ነበር፤ የቀረውን ያረሙት ረዳቶቹ ናቸው። ጸሐፊዋ እየገለጠች አነበበች። 0.8944። 0.8944። 0.8994። መምህሩ ቀና አለ። ስልሳ ሦስቱ ወረቀት ሲያልቅ ከእኛ ሌላ አሥራ አንድ ሰው ያንኑ ስህተት ጽፏል። አራቱ የተፈተኑት በሌላ አዳራሽ ነው።

«እነዚህ ደግሞ ግድግዳ አሳልፈው አይተው ነው የገለበጡት?» አሉ ሰብሳቢው።

ያኔ ሰንጠረዤን ከቦርሳዬ አውጥቼ መምህሩ ፊት አስቀመጥኩት። ጣቱን በረድፉ ላይ እያስኬደ ለራሱ አነበበ። «0.8925… 0.8994… 0.8962…» ጣቱ ቆመ። ሰንጠረዡን ወደ እኔ መልሶ ገፋና እንዲህ አለ፦ «ቢሆንም ልታስተውዪው ይገባ ነበር። የምህንድስና ተማሪ ነሽ።»

«አዎ፣ ይገባኝ ነበር። አላስተዋልኩም። ለእሱ ነጥብ ይቀነስብኝ፤ አልከራከርም። በሌብነት ግን አንዲት ነጥብ አትቀነስብኝም።»

ሰብሳቢው ሳቃቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑት። «በቃ፣ ክሱ ተነስቷል። መሄድ ትችያለሽ።»

«የጓደኛዬስ ወረቀት?»

«እሷ አምና ፈርማለች። የእሷ ጉዳይ ተዘግቷል።»

ልነሳ ነበር፤ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ፈሪ ናት፣ ሆዴ ቆርጦባታል። ነገር ግን መገልበጥ ሳይኖር ገልባጭ ከየት ይመጣል?

«የፈረመችው ባልሆነ ነገር ላይ ነው። ይህን አሁን ሦስታችሁም ታውቃላችሁ። እያወቃችሁ ፋይሏ ውስጥ የምትተዉት ከሆነ እኔ ከዚህ ወንበር አልነሳም። ጥበቃ ጥሩ።»

ጸሐፊዋ አንገቷን ደፋች። ሰብሳቢው አዩኝ፤ አየኋቸው። ዓይኔን አልሰበርኩም። በመጨረሻ ለጸሐፊዋ ምልክት ሰጧት። ወረቀቱን ከፋይሉ አውጥታ «ተሽሯል» የሚል ማኅተም መታችበትና ለጓደኛሽ ስጪያት ብላ ዘረጋችልኝ።

«እኔ መጀመሪያም የጻፈችውን አላመንኩም ነበር» አለ መምህሩ ቀስ ብሎ።

ምን ማለቱ እንደሆነ የገባኝ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ሳነበው ነው። በሚስማር ቀጥ ያለ የእጅ ጽሑፍ ሦስት መስመር ተጽፏል። «አምስተኛውን ጥያቄ የገለበጥኩት እኔ ነኝ። እሷ ምንም አታውቅም። እባካችሁ እሷን አትንኳት።»

ውጪ ደረጃው ላይ ተቀምጣ እየጠበቀችኝ ነበር። ወረቀቱን ጭኗ ላይ ጣልኩላት።

«አልገለበጥሽም እኮ! ለምን ጻፍሽው?»

«እኔ አለመገልበጤን አውቃለሁ» አለች። «ቁጥሩ ደግሞ አንድ ነው። ስለዚህ አንቺ ነሽ ከእኔ ያየሽው አልኩ። ዓመት ከሚያባርሩሽ ብዬ ነው።»

«ሌባ ናት ብለሽ አምነሽ ነው የፈረምሽልኝ?»

«አዎ። ልነግርሽ ስመጣ መች አስጠጋሽኝ?»

ልጮህባት አፌን ከፈትኩ። ሦስት ዓመት አብረን ቆይተን እንዴት እንዲህ ታስቢኛለሽ ልላት ነበር። እሷ ግን ቀና ብላ ጠየቀችኝ።

«አንቺስ? ስለ እኔ ምን አልሽ?»

ውሸት ብነግራት ማንም አያውቅብኝም፤ እሷን ግን መዋሸት አልቻልኩም።

«መጀመሪያ ሌባ ብዬሻለሁ» አልኳት። «ኋላ ደግሞ ፈሪ።»