ይሰማል፣ አይሰማም

ስልክ ልቀይር ነው ያልኩ ቀን ልጄ ደስታዋን መደበቅ አቃታት። ስድስት ዓመት ሙሉ ስትወተውተኝ ኖራለች። እሷ ስልክ የምትቀይረው ሰው ካልሲ በሚቀይርበት ፍጥነት ነው። እኔ ደግሞ የሚሠራ ዕቃ ሲጣል ሳይ ሆዴን የሚቆርጠኝ ሰው ነኝ። ስልኬ አንድ ጥጉ ተሰንጥቋል፣ ጀርባው ላይ የማይለቅ የግራሶ አሻራ አለበት፣ ግን ይደውላል፣ ይደወልበታል፣ ሰዓትም ይነግረኛል። ከዚህ በላይ ምን ላድርገው፣ ላግባው?

መካኒክ ነኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የመኪና ሞተር ሳዳምጥ ኖሬያለሁ። የረጅሙን ካቻቢቴ ጫፍ ሞተሩ ላይ አሳርፋለሁ፣ እጀታውን ከቀኝ ጆሮዬ ጀርባ አጥንቱ ላይ ጫን አደርጋለሁ፣ ዓይኔን እጨፍናለሁ፣ ከዚያ የቱ ጋ እንደሚያመው እናገራለሁ። በዚህ የተነሳ ደንበኞቼ «ጆሮ» ይሉኛል። መኪናው ያንኳኳበት ሰው «ጆሮ ጋ ውሰደው» ይባላል። ስሙን ወድጄዋለሁ፤ ከዚህ የከፋ ቅጽል ስም ያላቸው መካኒኮች አውቃለሁ።

ለደንበኛ ሁሉ የምናገረው አንድ ሕግም አለኝ፤ ሳትመረምር አትቀይር። ከሞተሩ ካንዴላዎች አንዱን ከጠረጠርክ ከጎረቤቱ ካንዴላ ጋር ቦታ አለዋውጠው። ችግሩ ካንዴላውን ተከትሎ ከሄደ ጥፋተኛው እሱ ነው። ችግሩ እዚያው ከቀረ ግን ካንዴላውን በከንቱ አምተኸዋል። ይህን ስናገር ግቢውን የሚጋራኝ የመኪና ቀለም ቀቢ በግራዬ ቆሞ ራሱን ይነቀንቃል። ሁልጊዜም በግራዬ ነው የሚቆመው። ለምን እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም ነበር።

የስልኬ ችግር ድምፁ ነበር። ባለቤቴ በአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ትሠራለች። ከሃያ ዓመት በላይ «ዝም በሉ» ስትል ስለኖረች ራሷም በሹክሹክታ መናገር ለምዶባታል። በየቀኑ በምሳ ሰዓት ትደውልልኝ ነበር። ቁም ነገር የሚባል አልነበረውም። ዛሬ አንዱ ተማሪ «ሽፋኑ ቀይ የሆነውን መጽሐፍ ስጪኝ» አለኝ፣ አንዷ ደግሞ በዳቦ ቁራጭ ገጽ ምልክት አድርጋ መለሰችልኝ፣ እንዲህ እንዲህ ያለ ወሬ ነው። እኔ እጄን በጨርቅ እየጠረግኩ እሰማለሁ፣ እስቃለሁ፣ ከዚያ ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ። ያቺ ጥሪ ከምሳው ትበልጥብኝ ነበር።

ከዓመት ገደማ ወዲህ ግን ድምፁ እየራቀ ሄደ። «አይሰማም» እላታለሁ፣ «ጮክ በይ» እላታለሁ። እሷ ደግሞ ያለችበት ቦታ ለመጮህ አይመችም። መጀመሪያ ወሬዋን አሳጠረች፣ ቀጥሎ በሁለት ቀን አንዴ ሆነ፣ በመጨረሻ ጥሪው ቀርቶ «ዳቦ ግዛ» የሚል የጽሑፍ መልእክት ብቻ ቀረኝ። ቤት ውስጥም ዝምታ አበዛች። እሑድ ከሰዓት በኋላ ለስላሳ ጫማዋን ታደርግና ወንዙን ይዛ በእግሯ ትሄዳለች፣ ብቻዋን። ስምንት ሰዓት ሲሆን በሩ ሲዘጋ አያለሁ። ለራሷ የምትሆንበት ጊዜ ፈልጋ ይሆናል ብዬ አልተከተልኳትም፤ ሬዲዮኑን ከፍ አድርጌ እቀመጣለሁ። እውነቱን ለመናገር ናፈቀችኝ። ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው፣ ሚስቴ በየቀኑ አጠገቤ ናት፣ ግን ናፈቀችኝ። ያቺ የምሳ ሰዓት ጥሪ ብትመለስ ሌላውም የሚመለስ መሰለኝ፣ ጥሪውን የወሰደብኝ ደግሞ ስልኩ ነበር።

ቅዳሜ ልጄ ትልቅ የስልክ መደብር ወሰደችኝ። ሻጩ ወጣት ጨዋ ነው፣ ሲያወራ ግን ትንፋሽ አይወስድም። ይሄኛው ውኃ ውስጥ ቢወድቅ ምንም አይሆንም አለኝ። እኔ ከስልክ ጋር ዋና አልወርድም። ካሜራው ጨረቃን አቅርቦ ያነሳል አለኝ። ጨረቃን አንስቼ ምን ላደርጋት ነው? ልጄ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ። «ድምፁስ?» አልኩት። ዘፈን ከፈተልኝ፣ መደብሩ ተናወጠ፣ ደንበኞች ዞረው አዩን። ዋጋውን ሲነግረኝ ዕቃውን ቀስ ብዬ መልሼ አስቀመጥኩት፤ የሁለት ወር ልፋቴ ነው።

ላስብበት ብዬ ወጣሁ። መንገዱን ሙሉ ሳሰላስል ነበር። ካሜራውን አልፈልገውም፣ መሰንጠቁም አላስቸገረኝም፣ ታዲያ የምገዛው ድምፅ ብቻ ነው። አንዲት የምሳ ሰዓት ጥሪ ስንት ታወጣለች? ለሰው ብነግረው ይስቅብኛል እንጂ እኔ የሁለት ወር ልፋት ታወጣለች ወደሚለው እያዘነበልኩ ነበር። ግን ደግሞ የገዛ ሕጌ እንደ ጠጠር ጫማዬ ውስጥ ገባ። ሳትመረምር አትቀይር ባይ እኔ አይደለሁ?

ስለዚህ ሰኞ ስልኩን ለስልክ ጠጋኟ ወሰድኩላት። የገበያ አዳራሹ ደረጃ ሥር ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ በመብራትና በማጉያ መስታወት የምትሠራ ልጅ ናት፤ ጣቷ ቀጭን ስለሆነ «መርፌ» ይሏታል። ምን ሆነ ስትለኝ አይሰማም አልኳት። በትንሽ ወረቀት ላይ «ችግሩ፦ አይሰማም» ብላ ጽፋ ጀርባው ላይ በፕላስተር ለጠፈችው።

ማክሰኞ ስመለስ ስልኩን አቀበለችኝ። ከፍታ አይታዋለች፣ የድምፅ ቀዳዳውን በብሩሽ ጠርጋዋለች፣ ሦስት ጊዜ ደውላበታለች። «ጋሼ፣ ስልክዎ ምንም አልሆነም» አለችኝ፤ «ከእኔው ስልክ ይልቅ ጥርት ብሎ ይሰማል።» ገንዘብም አልቀበልም አለች። አመስግኜ ወጣሁና ደረጃው ላይ «ልጅ ናት፣ ምን ታውቃለች» አልኩ። መኪናህ ደህና ነው ያልኩት ደንበኛ ሁሉ ከጋራዡ በር ሲወጣ ስለ እኔ የሚለው ይህንኑ መሆኑ ትዝ ያለኝ ዘግይቶ ነው። በቃ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ አዲሱን እገዛለሁ ብዬ ቆረጥኩ።

ማታ ራት ልንበላ ስንል ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ጠረጴዛችን አንድ ጎኑ ግድግዳ ነው፤ እኔ ሁልጊዜ ግድግዳውን በግራዬ አድርጌ እቀመጣለሁ፣ እሷ በቀኜ። ስልኩን አነሳችው፣ ወረቀቱን አነበበችውና መሳቅ ጀመረች። ምን እንዳሳቃት ጠየቅኳት። የሆነ ነገር አለች፣ አልያዝኩትም። ከዚያ ተነሥታ ፊት ለፊቴ መጣችና ወረቀቱን አፍንጫዬ ሥር ይዛ ጮክ ብላ አነበበችልኝ።

«አይሰማም» አለች። እኔ ጠበቅ አድርጌ የተናገርኩትን እሷ ላላ አድርጋ ነው ያነበበችው።

ፊደሉ አንድ ነው። ጠበቅ ሲደረግ ስልኩ ነው፣ ድምፁ አይወጣም ማለት ነው። ላላ ሲደረግ ግን ሰውዬው ነው፣ ጆሮው አይሠራም ማለት ነው። ደሜ ፈላ። ሠላሳ አንድ ዓመት ጆሮ የተባልኩ ሰው ነኝ! ዛሬ ጠዋት እንኳን ሌላ መካኒክ ሊያገኘው ያልቻለውን የሞተር ማንኳኳት በካቻቢቴ አግኝቼዋለሁ። የሚያልጎመጉመው ስልኩ ነው፣ የምታንሾካሹኪው አንቺ ነሽ አልኳት። አልተቆጣችም። ወደ ቦታዋ ተመልሳ ወረቀቱን በጣቷ እያሻሸች ተቀመጠች። ያ ዝምታዋ ነው ያበረደኝ፤ ዓመት ሙሉ የማውቀው ዝምታ ነው።

«ተነሺ» አልኳት፤ «እንመርምር።»

መኝታ ቤት ገብታ በሩን ዘጋችና በራሷ ስልክ ደወለችልኝ። ስልኬን እንደ ሁልጊዜው ቀኝ ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩት፤ ከጉድጓድ ውስጥ የሚመጣ ማጉረምረም ነው። ቀጥሎ እንደ ካንዴላ አለዋወጥናቸው፤ የእኔን ለእሷ ሰጠሁ፣ የእሷን እኔ ያዝኩ። የእሷ ስልክ ገና ሁለተኛ ዓመቱ ነው። ያው ማጉረምረም። ችግሩ ስልኩን ተከትሎ አልሄደም፤ እኔው ጋ ቀረ። ስልኬን ዓመት ሙሉ በከንቱ አምቼዋለሁ።

ሳሎኑ መሐል ቆሜ ፍርሃት ፍርሃት አለኝ። «ጆሮ» ጆሮው ከሄደ ምን ይቀረዋል? ከዚያ ሰው ሁለት ጆሮ እንዳለው ትዝ አለኝ። ስልኩን ወደ ግራ አዛወርኩት።

ባለቤቴ የማልሰማት መስሏት ለራሷ ታወራ ነበር። «ግትር» ትላለች፤ «በቅሎ። እንዲህ ያለ ግትር ሰው አይቼ አላውቅም። ቢሆንም ማን እንደሱ አለኝ።» እያንዳንዷ ቃል ጥርት ብላ ገባች። የሚሉሽን በሰማሽ ገበያ ባልወጣሽ ይባላል፤ እኔ ግን የሚሉኝን ሰምቼ በሩን ከፍቼ ገባሁ። ስልኩን ገና ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ነበር። «በቅሎው ሰምቷል» አልኳት። ፊቷ ቀላ፣ ከዚያ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

ሐሙስ ሐኪም ዘንድ ሄድን። በትንሽ መብራት ቀኝ ጆሮዬን አየና ኩክ እንደ ጡብ እንደደደረበት ነገረኝ። በሞቀ ውኃ ሲያጥበው የወጣውን አልናገርም፤ ዘይት የበላ ፊልትሮ ያየ ሰው ይገባዋል። ታጥቦም ግን ሙሉ አልሆነም። ግማሹ ኩክ ነበር፣ ግማሹ የሠላሳ አንድ ዓመት የሞተር ጩኸት ነው፣ እሱ ተመልሶ አይመጣም አለኝ። ካቻቢቴውስ አልኩት። ድምፁ በአጥንት ስለሚያልፍ ነው ያልከዳህ አለኝ፤ ከእንግዲህ ግን ጆሮህን እየሸፈንክ ሥራ፣ ለካቻቢቴውም ግራህን ተጠቀም። ግራህ ደህና ነው።

ለቀለም ቀቢው ስነግረው አልገረመውም። «ታዲያ ለምን ይመስልሃል ዓመት ሙሉ ዞሬ በግራህ የምቆመው?» አለኝ። ለምን አልነገርከኝም ስለው፣ ጆሮ የሚባልን ሰው ጆሮህ አይሰማም ብሎ የሚደፍር ማን አለ አለኝ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ማለት ይኼ ነው። ልጄም አዲሱ ስልክ እንደቀረ ስትሰማ አኮረፈች፤ ሁለት ቀን ግን አልቆየባትም።

ዓርብ በምሳ ሰዓት ስልኬ ጮኸ። እጄን ጠረግኩና በግራ ጆሮዬ አነሳሁት። አንድ ተማሪ መጽሐፉን ያልመለሰው አያቱ አንብባ ስላልጨረሰች መሆኑን ባለቤቴ በሹክሹክታ ነገረችኝ። አንዲት ቃል አላመለጠችኝም።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ማታ ራት ሲቀርብ ወንበሬን አንስቼ ጠረጴዛውን ዞርኩና ግድግዳው በቀኜ፣ እሷ በግራዬ እንድትሆን አድርጌ ተቀመጥኩ። ለምን እንደሆነ አልጠየቀችኝም። ትንሽ በላን። ከዚያ እንደልማዷ ድምፅዋን ሳትጨምር ተናገረች።

«አምና አንድ ነገር ጠይቄህ ነበር። እዚሁ ተቀምጠን። ዝም አልከኝ፣ እኔም አልፈልግም ማለትህ ነው ብዬ ተውኩት።»

«ምን ብለሽ?»

«እሑድ እሑድ ወንዙን ይዘን አብረን በእግር እንሂድ ወይ ነበር ያልኩህ።»

 እሷ እንቢ አለኝ ብላ ዓመት ሙሉ ብቻዋን ሄደች፣ እኔ ብቻዋን መሆን ትፈልጋለች ብዬ ዓመት ሙሉ ከሬዲዮ ጋር ተቀመጥኩ።  ሹካዬን አስቀምጬ ተነሣሁና መኝታ ቤት ገብቼ አልጋው ሥር ጎንበስ ብዬ የእግር ጉዞ ጫማዬን መፈለግ ጀመርኩ፤ አንዱን አገኘሁት።

«ና ራትህን ብላ» አለች ከጠረጴዛው ሆና፣ በዚያው በቤተ መጻሕፍት ድምፅዋ። «ዛሬ እኮ ማክሰኞ ነው።»

እሱንም ሰማሁ።