ከምሳ በኋላ የሚነበብ

1.

አልተነሳም።

2.

ድሬዳዋ ውስጥ ከምሳ በኋላ መተኛት ወግ ነው። ሙቀቱ ሲበረታ ሱቁ ይዘጋል፣ ባጃጁ ጥላ ፈልጎ ይቆማል፣ ሰው ሁሉ ጋደም ይላል። አመሻሹ ላይ ነፋስ ሲመጣ ከተማው እንደገና ይነሳል።

መርዕድም ከሰው ጋር ተኛ። ከሰው ጋር መነሳት ነው ያቃተው። መጀመሪያ ማንም ልብ አላለውም። የስፖርት መምህር ነው፤ ጎረምሳውን ሁሉ በፊሽካ የሚያስሮጥ። ሚስቱ ሰናይት «ደክሞት ነው» አለች። ቆይታ «ሙቀቱ ነው» አለች። በኋላ ምንም ማለት ትታ ሐኪም ቤት ወሰደችው።

3.

ሐኪሙ፦ ድባቴ ነው።

ጎረቤት፦ ስንፍና ነው።

መርዕድ፦

(ባዶ የተውኩት ረስቼ አይደለም። ያን ጊዜ የሚለው ነገር አልነበረውም።)

4. ከምሳ በኋላ

የሕመም ፈቃድ ወሰደ። መድኃኒቱን ጀመረ። ከክትትል ሲመለስ አንድ ቀን፣ መሬት ላይ መጽሐፍ አንጥፎ ከሚሸጥ ሰው አንድ ግለ ታሪክ ገዛ። ጸሐፊዋ ዕድሜዋን ሙሉ ከድባቴ ጋር የኖረች ሴት ናት።

አንድ ገጽ ላይ ሴትዮዋ ፀጉሯን ልትታጠብ ውሃ ታሞቃለች። ባልዲው አጠገብ ቁጭ ትላለች። ውሃው እስኪቀዘቅዝ ታየዋለች። ከዚያ ተመልሳ ትተኛለች። በቃ፣ ገጹ እዚያ ላይ ያልቃል። ምክር የለም፣ «በርቱ» የለም።

መርዕድ መጽሐፉን ደረቱ ላይ ደፋው።

እኔም።

ከዚያ ወዲያ ሌላም ፈለገ። ዳኛ የነበረ ሰው ስለ ራሱ ድባቴ የጻፈውን አገኘ። እድናለሁ ብሎ አልነበረም የሚያነባቸው። አጠገቡ የሚቀመጥ፣ ግን «ተነስ» የማይለው ሰው ነበር ያማረው። ሰናይት የምትችለውን ሁሉ አድርጋለታለች፤ ይህን ግን አልቻለችም። ስለምትወደው ተነስ ትለዋለች።

5.

አማቱ መጡ።

ወይዘሮ ጽጌማርያም የሚኖሩት ጭሮ ነው፤ እሳቸው ግን ዛሬም በድሮ ስሟ አሰበ ተፈሪ ነው የሚሏት። መርዕድ ይመጣሉ ሲባል መጻሕፍቱን እንደ ተማሪ ደብተር በወረቀት ለበዳቸው። «ልጄ ለሰነፍ ተዳረች» እንዳይሉ ፈራ።

ስለ እናትና ልጅ አንድ ነገር ልንገርህ፣ አንባቢ። ሰናይት ትንሽ ልጅ ሳለች አንድ ክረምት አክስቷ ዘንድ ተልካ ነበር። ለምን እንደ ሆነ የነገራት የለም። አንዳንዴ «ለሰው ሰጥተሽኝ ነበር እኮ» ትላለች እየሳቀች። ሳቁ ግን ከጥርሷ አያልፍም። እናቷም ወሬ ይቀይራሉ።

6. ከምሳ በኋላ

እሳቸው፦ መምህር፣ ተኝተሃል?

እሱ፦ ኧረ አልተኛሁም። ይግቡ፣ እማማ።

እሳቸው፦ ተው፣ በሞቴ እንዳትነሳ። ምንድን ነው የምታነበው?

እሱ፦ የ… የትምህርት ነው። የስፖርት።

እሳቸው፦ የስፖርት መጽሐፍ አፍንጫ ያስስባል እንዴ? ሳሎን ድረስ ይሰማል።

እሱ፦ (አፍንጫውን ይጠርጋል።)

እሳቸው፦ ይሄ ዓይኔን የጋረደኝ ሞራ ባይኖር ራሴ አነበው ነበር። እስቲ ጮክ በል።

7.

ያችን የባልዲውን ገጽ አነበበላቸው። ሲጨርስ ቀና ብሎ ሊያያቸው አልደፈረም። ቬንትሌተሩ ብቻ ይዞራል።

«ድገመው» አሉ።

ደገመው።

«ባልዲው ምን ዓይነት ነበር ትላለች?»

«አትልም።»

«የእኔ ሰማያዊ ነበር።»

8.

«የሞተብኝ ሰው የለም። የጎደለብኝም የለም» አሉ፣ ነጠላቸውን እየጠቀለሉ። «ጠበል ወሰዱኝ። ዓይን ነው አሉ፣ ጥጋብ ነው አሉ። ልጅቷ ስታለቅስ እሰማለሁ፣ እጄ ግን አይነሳልኝም። በረሃብ እንዳልገድላት ብዬ እኔው ነኝ ወደ አክስቷ ውሰዱልኝ ያልኩ።»

«ለሰናይት ለምን አልነገሯትም?»

«ምን ብዬ? ስም የሌለውን ነገር እንዴት ይናገሩታል?»

«ስም አለው፣ እማማ።»

ነገራቸው። እሳቸውም ቃሉን ቀስ ብለው፣ እንደ ትኩስ ነገር አፋቸው ውስጥ አገላበጡት።

ድባቴ።

«እና ይህቺ ሴትዮ» አሉ መጽሐፉን በጣታቸው እየነኩ፣ «እኔን ሳታውቀኝ ነው እንዲህ የጻፈችው?»

«እኔንም አታውቀኝም።»

9. ከምሳ በኋላ

ጽጌማርያም የመመለሻቸውን ነገር ማንሳት ተዉ። ሰናይት ሥራ ላይ ስትሆን አማትና አማች ያነባሉ። የመጽሐፉን ሴትዮ «ልጄ» ማለት ጀመሩ። ዳኛውን ግን አልወደዱትም።

«ይሄ ሰውዬ ወሬ ያበዛል። ታሞም ይፈርዳል።»

መርዕድ ሳቀ። ከሆዱ ስለ ሳቀ ራሱ ደነገጠ።

ዳነ ብዬ ብጽፍ ደስ ይለኝ ነበር። አልዳነም። ጠዋት ፊቱን ሳይታጠብ የሚውልበት ቀን ዛሬም አለ። ግን እንዲህ ባለው ቀን እሳቸው በር ላይ ቆመው «ዛሬ የባልዲ ቀን ነው?» ይሉታል። «ነው፣ እማማ» ይላቸዋል። ወንበራቸውን ስበው ይቀመጣሉ፤ ሌላ ጥያቄ የለም።

10.

አንድ ቀን ሰናይት ራሷን አሟት ከሥራ ቀደም ብላ ተመለሰች። ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛ ገባች፤ ባሏ ተኝቶ እንደ ሆነ እንዳትቀሰቅሰው። የሰማችው ግን የንባብ ድምፅ ነው። መርዕድ በሩ ላይ ሲያያት አቋረጠ።

«ምነው ቆምክ?» አሉ ጽጌማርያም።

«ሰናይት መጥታለች።»

አሮጊቷ ፊታቸውን ወደ በሩ አዞሩ፤ የት እንደ ቆመች ግን በደንብ አልታያቸውም።

«አንብብ እንጂ» አለች ሰናይት። «እኔ ስመጣ ነው የምታቆሙት?»

ጽጌማርያም እጃቸውን ዘርግተው መጽሐፉን ከመርዕድ ላይ ወሰዱት፣ ዘጉት።

«ከዚህ በኋላ ያለውን እኔው ራሴ ልንገራት» አሉ። «ነይ ልጄ፣ ቅረቢኝ። አክስትሽ ዘንድ ስለ ከረምሽበት ጊዜ ነው።»

መርዕድ ሊወጣ ተነሳ። ሰናይት በሸሚዙ ያዘችው። በሌላው እጇ ጫማዋን አስቀመጠች።

ጽጌማርያም ተናገሩ። ምንም አላስቀሩም፤ ልቅሶዋን ይሰሙ እንደ ነበር እንኳ አልደበቁም። ስሙንም ነገሯት። ሲጨርሱ ውጭ ነፋሱ መጥቶ መጋረጃውን ያወዛውዝ ነበር።

11.

«እማዬ» አለች።

12.

(ይህንንም ባዶ የተውኩት ረስቼ አይደለም። የቀረው የእናትና የልጅ ነው።)