ሰባቱ ባሕር ዛፎችና የሽንት ቤቱ ቁልፍ

የሚካኤል ማኅበር ጠላ ከመቀዳቱ በፊት አቶ መኳንንት ብድግ አሉ። ጋቢያቸውን አስተካከሉ፤ ጉሮሯቸውን ሁለት ጊዜ ጠረጉ። ከዚያም የቤታቸው ሽንት ቤት ፍሳሽ ማስረጊያ አደጋ ላይ መውደቁን፣ አደጋውም ከባሕር ዛፍ ሥር መምጣቱን፣ ስለዚህ በመጪው ሐሙስ በጓሯቸው ያሉት ሰባት ባሕር ዛፎች እንደሚቆረጡ ለማኅበርተኛው አስታወቁ። ማኅበርተኛው መርዶ መስሎት ቆሞ ነበር፤ ነገሩን ሲሰማ ተቀመጠ። አንዱ ብቻ አፉ ለምዶበት ኖሮ “እግዜር ያጥናችሁ” አለ።

ባለቤታቸው ወይዘሮ አማከለች ነገሩን የሰሙት እዚያው፣ ከሰው እኩል ነበር። ዛፎቹን የተከሉት እሳቸው ናቸው፤ ልጃቸው ጽናት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በገባችበት ዓመት። ጽናት አሁን ታጭታለች፤ የጎጆዋ ምሰሶ የሚወጣውም ከእነዚሁ ዛፎች ነው። ሁለት ክረምት ቢታገሷቸው ምሰሶ ናቸው። ዛሬ ቢቆረጡ ግን አጠና ናቸው፤ ቢበዛ አጥር ይወጣቸዋል። እናት ደግሞ አጥር ሰጥታ ጎጆ ወጣችልኝ አትልም።

ነገሩን ያመጣው አንዷለም ነው። አንዷለም የቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ ከሦስት ዓመት በፊት ያንን ሽንት ቤት፣ ከነጉድጓዱና ከነማስረጊያው፣ የሠራው እሱ ነበር። ባለፈው ሳምንት ለጎረቤት ሥራ መጥቶ፣ ያኔ ችግኝ ናቸው ብሎ ያለፋቸውን ባሕር ዛፎች በአጥር አሻግሮ ሲያይ ደነገጠ። ባሕር ዛፍ ውኃ ከሸተተው ሥሩን የሚያቆመው ነገር እንደሌለ፣ ከማስረጊያው ቢያንስ ሠላሳ እርምጃ መራቅ እንደነበረበት፣ ጽድ ቢሆን ኖሮ በአሥራ አምስት እንደሚታለፍ አስረዳ። ማስረጊያው ላይ ግን ከሣር በቀር ምንም አይተከልም፤ ጓሳ ቢሆን ሥሩ ቧንቧ አይነካም፣ ሲያድግም ለክዳን ይታጨዳል። ከዚያ በእግሩ ለካው። ስምንት እርምጃ ሆነ።

“ይሄማ ጋሼ፣ እስካሁን ገብቶ ጠጥቶ ሰክሯል” አለ።

አቶ መኳንንት በማዘን ፈንታ ደረታቸውን ነፉ። ዛፍ የጎመጀው ሽንት ቤት ያለው ሰው በመሐል ሜዳ ከተማ ስንት አለ?

ሽንት ቤቱ ነጭ ነው፤ በሩ በቤቱ ጀርባ፣ በዛፎቹ በኩል ነው። ቁልፉ ሳሎን ውስጥ ሚስማር ላይ ይሰቀላል። አቶ መኳንንት በየማለዳው ፎጣ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ ቁልፉን አንስተው ወደ ጓሮ ይዞራሉ፤ ሲመለሱ የጎረቤት ውሻ እስኪጮህ ያስላሉ። ወይዘሮ አማከለች ደግሞ እሳቸው ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ጠብቀው፣ ገመድ ይዘው ቅጠል ሊለቅሙ ወደ ባሕር ዛፎቹ ይወርዳሉ። የሚለቅሙት ቅጠል ከሚቆዩት ጊዜ ጋር ተመጣጥኖ አያውቅም። ሽንት ቤቱን ያዩ ዕለት “እዚህ ላይማ ቅቤ ይቀመጥበታል እንጂ” ብለው በሩን መልሰው ዘግተው ነበር። ይህን ለማንም አልተናገሩም፤ ለነፍስ አባታቸውም ጭምር። ባላቸውና እንግዳ ከተጠቀሙበት ለቤቱ ክብር ይበቃል ብለው ነበር።

እንግዳው በአብዛኛው ነፍስ አባታቸው አባ ገብረየሱስ ናቸው። በመጡ ቁጥር ቁልፉ በሁለት እጅ ይቀርብላቸዋል፤ ወደ ጓሮ ዞረው ይመለሱና “ይባርከው፣ እጅግ ንጹሕ ነው” ብለው ይመልሱታል። ንጹሕነቱስ እውነት ነበር።

ሐሙስ አንዷለም መጋዙን ይዞ መጣ። አቶ መኳንንት ነገሩ ክብር እንዲኖረው አባንም ጠርተዋል። ወይዘሮ አማከለች ከመጀመሪያው ዛፍ ፊት ቆሙ።

“መጀመሪያ ቧንቧው ይከፈት። ሥሩ ገብቶ ከተገኘ መጋዙን ራሴ እይዛለሁ።”

አቶ መኳንንት ፊታቸው ልውጥ አለ። የተቀበረ ነገር ማውጣት ነውር መሆኑን፣ ባለሙያ ከተናገረ ሌላ ምስክር እንደማያስፈልግ፣ ሽታውም ለጎረቤት እንደማይበጅ ተናገሩ። አባም በዚህ ተስማሙ፤ የተሰወረውን ነገር ተሰውሮ መተው ትሕትና ነው አሉ።

“አባ፣ ይፍቱኝ። የተሰወረ ሁሉ ይገለጣል ብለው ያስተማሩን እርስዎ ነዎት።”

“እሱማ ልጄ፣ በመጨረሻው ቀን ነው እንጂ ሐሙስ ቀን አይደለም።”

አንዷለም ግን በሙያው ተማምኖ መቆፈር ጀምሯል። ሥሩን እንደ ባሕታዊ ጢም እንደተንዠረገገ አወጣላችኋለሁ አለ። እስከ ጉልበቱ ወረደ፤ ሥር የለም። እስከ ወገቡ ወረደ፤ ሥር የለም። ቧንቧው ጋ ሲደርስ መጋጠሚያውን ፈታና እጁን እስከ ክርኑ ሰደደ።

እዚያው ቀረ።

“ምነው ልጄ፣ ነከሰህ?” አሉ ወይዘሮ አማከለች።

አንዷለም ቀስ ብሎ እጁን ሳበ። የወጣው የሲሚንቶ ወረቀት ከረጢት ነበር፤ ቧንቧው በተቀበረ ዕለት አፈር እንዳይገባ ብሎ ራሱ ጠቅልሎ የወተፈው፣ በኋላ አወጣዋለሁ ብሎ የረሳው። አንድ ባልዲ ውኃ ቢወርድበት የሚሟሟ ወረቀት ነው። ጽሑፉ ከነቀለሙ ይነበባል። ሲያራግፈው ደረቅ ሲሚንቶ ቡን አለ።

ለምን ወተፍከው ብሎ የሚቆጣው ሰው ጠፋ። የሚቆጣ ሰው ሦስት ዓመት ሙሉ እንዴት ሳያውቅ እንደቀረ ይጠየቃላ። ወይዘሮ አማከለች የኔ ጥፋት ነው ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ ባላቸውን አዩ። አቶ መኳንንት ፎጣ እንደጠፋበት ሰው ትከሻቸውን ይዳብሳሉ። አባ ደመናውን እያጠኑ ነው። ወይዘሮ አማከለች አፋቸውን መልሰው ዘጉ።

አንዷለም ጉድጓዱ ውስጥ እንደቆመ፣ ሥሮቹ ወዲህ ካልመጡ ውኃ ያገኙት በዚያ ማዶ ሳይሆን እንደማይቀር አጉተመተመ። አራቱም ወደ ጥጉ፣ ወደ ሰባተኛው ዛፍ ተመለከቱ። ከሌሎቹ እጥፍ ይወፍራል። እስከዛሬ ለምን እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም።

“ዛፎቹ ይቆዩ” አሉ አቶ መኳንንት።

አባ ገብረየሱስ ከጠዋት ጀምሮ የተቀዳላቸውን ጠላ ሳያስተርፉ ጠጥተው ነበርና ተነሡ። ወይዘሮ አማከለች እንደ ልማዳቸው ፈጥነው ገቡ፤ ቁልፉን ከሚስማሩ አንስተው በሁለት እጅ አቀረቡ። አባ ቁልፉን አዩ፤ መሬት ላይ የተሰጣውን ከረጢት አዩ። ቁልፉን ወይዘሮ አማከለች እጅ ላይ ትተው፣ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ መንገዱን ሳይጠይቁ ወደ ሰባተኛው ዛፍ ሄዱ።