ለመተርተር አንድ እጅ ይበቃል

በዓል ሲቃረብ ሰው ቤቱን ቀለም ይቀባል፣ ምንጣፍ ያጥባል፣ ከተጣላው ዘመዱ ይታረቃል። እኔና ላላ ክር እንገዛለን። ሃያ ስድስት ዓመት እንዲህ ነው የኖርነው። በአንድ የልብስ ስፌት ድርጅት ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ እሷ ኮት ስትሰፋ እኔ ቁልፍ ስተክል፣ ፀጉራችን ሸበተና በጡረታ ተሰናበትን። ስፌቱ መተዳደሪያችን ነበር፤ ሹራቡ ግን የራሳችን ነው። ማንም አላዘዘንም፣ ማንም ቆሞ ሰዓት አይቆጥርብንም።

ላላ ያልኳት እኔ ነኝ። ሹራብ ስትሠራ እጇ ይላላል፤ ቀለበቶቹ ሰፋ ሰፋ ይላሉ፣ ልብሱም ገላ ላይ ልስልስ ብሎ ይወርዳል። እሷ ደግሞ ቋጠሮ ትለኛለች። የእኔ ሹራብ ከመጥበቁ የተነሳ "ውኃ ይቀዳበታል" እያለች መሥሪያ ቤቱን ሁሉ አስቃብኛለች። ስሙ ለጸባዬም ጭምር እንደወጣልኝ አላጣሁትም። ጠብ ያለሽ በዳቦ የሚሉኝ ሰዎች አሉ፤ አልዋሽም፣ ትንሽ እውነት አላቸው። ከላላ ጋር ግን ተኳርፌ አድሬ አላውቅም።

ክር ስንገዛ ብታዩን ጥሩ ነበር። እሷ እያንዳንዱን ጥቅል ጉንጯ ላይ ታደርገዋለች። "ይሄ ይኮሰኩሳል፤ ይሄ ውሸታም ነው፣ ሱፍ ነኝ ይላል እንጂ ላስቲክ ነው" ትላለች። ባለሱቁ ይቆጣል፤ እኔ ደግሞ ባለሱቁን እቆጣለሁ። ከዚያ እሷ ቤት ሄደን መስኮቱ ሥር እንቀመጥና መርፌዎቹ ቀጭ ቀጭ ማለት ይጀምራሉ። አንዳንዴ ሁለት ሰዓት ሙሉ አንድ ቃል አንነጋገርም። ደስታ ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቀኝ ቢኖር ያንን ነው የምለው፤ ሌላ አላውቅም።

ዘንድሮ ላላ ቀደም ብላ፣ በዓሉ ስምንት ወር ሲቀረው ጀመረች። ልጇ ልትመጣላት ነበር። ሩቅ አገር ከሄደች ሰባት ዓመት ያለፋት ይህች አንድ ልጇ "እማዬ፣ የዘንድሮን በዓል አብሬሽ ነኝ" ብላ ደወለችላት። ላላ ስልኩን ዘግታ በቀጥታ ወደ ክር ቤት ነው የሄደችው፤ እኔን እንኳ አልጠራችኝም። ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ለስላሳ የሱፍ ክር ይዛ ተመለሰች። ጀርባውን ጨረሰች፣ ደረቱን ጨረሰች፣ ቀኝ እጅጌውን ጨረሰች። የግራውን ልትጀምር ስትል፣ በዓሉ አርባ ቀን ሲቀረው፣ ስትሮክ መታት።

አብሯት የሚኖረው ወንድሟ፣ ጡረታ የወጣ ሾፌር፣ ወጥ ቤት ውስጥ ወድቃ አገኛት። ነፍሷ ተረፈች። አፏ ወደ አንድ ወገን ተንጋደደ፣ ቀኝ እግሯ ይጎተታል፤ ቀኝ እጇ ግን ጨርሶ ሞተ። ሐኪሙ ለእሷ "በልምምድ ይሻሻላል" አላት። በሩ ጋ ሲደርስ እኔን አየኝና ራሱን ነቀነቀ።

ቤቷ በገባች በሳምንቱ መስኮቱ ሥር አስቀመጥናት። መርፌውን በግራ እጇ አንስታ ቀኝ መዳፏ ላይ አስቀመጠችው። ወደቀ። አነሳሁላት። ደግማ አስቀመጠችው፤ ወደቀ። ሦስተኛ ጊዜ አላነሳሁትም፣ አቃተኝ።

"እጅ ሰጠሁ፣ ቋጠሮ" አለችኝ። ቃሉ ከተጣመመው አፏ እየተንሸራተተ ነው የወጣው። "በቁሜ እጅ ሰጠሁ። አንቺ ጨርሺልኝ።"

"የቱን?"

"እጅጌውን ነዋ። ልጄ ስትመጣ ባለ አንድ እጅጌ ሹራብ ላልብሳት?"

"የእኔ እጅ ካንቺ ጋር አይሄድም። ቀኙ ቅቤ፣ ግራው ብረት ሊሆን ነው።"

"ላላ በያ ታዲያ!" አለችኝ። "በዕድሜሽ አንዴ እንኳ ላላ በይ።"

ላላ ማለት ቀላል መስሏት! ወፍራም መርፌ ገዛሁ። ትከሻዬን ጣል አድርጌ፣ በረጅሙ እየተነፈስኩ ሠራሁ። ስለካው ከእሷ እጅጌ በሁለት ጣት ጠበበ። ደግሜ ሠራሁ፤ በአንድ ጣት ጠበበ። "አንቺ፣ ክሩ ምን አድርጎሽ ነው እንዲህ አንቀሽ የምትይዢው?" ትለኛለች። በሦስተኛው እሷኑ እሷኑ ስመለከት፣ ልጅቷ በር ላይ ስትደርስ እንዴት እንደምትሆን ሳስብ፣ ሳላውቀው እጄ ተፈታ። ስለካው እኩል ነው። ልቤ ቅቤ ጠጣ። ዕድሜ ልኬን ከሠራሁት ሁሉ ያንን እጅጌ እወደዋለሁ። አገጣጥሜ ሰፋሁትና ትራሷ አጠገብ አስቀመጥነው። በዓሉ አምስት ቀን ቀርቶት ነበር።

ልጅቷ በማግስቱ ደወለች፤ የደወለችው ለእኔ ነው።

"አክስቴ" አለችኝ። እያለቀሰች ነው። "አጎቴ ፎቶዋን ላከልኝ። አልችልም፣ አክስቴ። እንደዚያ ሆና ላያት አልችልም። የማውቃት እማዬ እንደነበረችው ትቆይልኝ።"

"እንደነበረችው የለችም" አልኳት። "ያለችው ይቺ ናት። የምትጠብቅሽም ይቺው ናት።"

"ከሥራ ፈቃድ ከለከሏት በያት።"

ሰደብኳት። ምን ብዬ እንደሰደብኳት እዚህ አልጽፈውም። ዘጋችው፤ መልሼ ብደውል አታነሳም። ፍርሃት እንደሆነ ገብቶኛል። ቢገባኝም ይቅር አላልኳትም።

መንገዱን ሁሉ ውሸቱን እያጠናሁ ሄድኩ። ሱቆቹ መብራት ሰቅለዋል፣ ሰው ጥቅል ተሸክሞ ይጋፋል፤ ያንን ሁሉ ሰው ጠላሁት። ላላ ፀጉሯን በወንድሟ አስበጥራ ተቀምጣለች። አበጣጠሩ ያው የሾፌር ነው፣ መሐሉ ላይ መንገድ አውጥቶለታል። ፈቃድ ስለመከልከሉ የተለማመድኩትን አንድ በአንድ ነገርኳት። እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

"ፎቶዬን አየችው፣ አይደል?" አለች።



አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። ብታለቅስ በወደድኩ። ሹራቡን በግራ እጇ ጎትታ ጭኗ ላይ አደረገችው። "መቀስ አምጪ" አለችኝ።

"ለምን?"

"ስፌቱን ፍቺልኝ። ልተረትረው ነው።"

"አብደሻል እንዴ? ለእኔ ስጪኝ፣ እኔ እለብሰዋለሁ። ለወንድምሽ ስጪው። ሣጥን ውስጥ ይቀመጥ። ላላ፣ ይሄ እኮ የእጅሽ መጨረሻ ነው! ከእንግዲህ ሌላ የለም!"

አፌ አመለጠኝ። ከወር በላይ ሁላችንም የዞርነውን ነገር ፊት ለፊት ተናገርኩት። እሷ ግን አልተቀየመችም።

"እሱን ብዬ ነዋ" አለች። "እዚህ ተቀምጦ ሲያየኝ እንዲኖር አልፈልግም። ልጄ ካላየችው ማን ሊያየው ነው? ፍቺው፣ የኔ እናት። እምቢ ካልሽ በጥርሴ እፈታዋለሁ።"

እንደምታደርገው አውቃለሁ። ፈታሁት። ጀርባውን ከደረቱ ለየሁ፣ አንገቱ ላይ የክሩን ጫፍ ፈልጌ በግራ እጇ አስያዝኳት።

ሳበች።

ክሩ ትርትር እያለ መጣ። መስመሩ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ይሮጣል፤ ቀለበቶቹ እየዘለሉ ይጠፋሉ። ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ለማውረድ ይቸግራል ይባላል፤ ወራት ቁጭ ብላ የሠራችው ግን በአንድ ከሰዓት በኋላ ወረደ፣ እሷም ከወንበሯ አልተነሳችም። እኔ የሚመጣውን ተጠማዛዥ ክር ወንበር መደገፊያ ላይ እጠቀልላለሁ። እንባዬ ዱብ ዱብ ይላል፣ የምጠርግበት እጅ አልነበረኝም።

ደረቱ ሊያልቅ ሲል ቀና ብዬ አየኋት። ምላሷን በጥርሷ ይዛለች። ክሩ እንዳይበጠስ አንዴ ረገብ፣ አንዴ ጠንከር እያደረገች በልክ ትስበዋለች፤ ትከሻዋም እንደ ድሮው ይወዛወዛል። ሥራ የያዘች ሴት ፊት ነበር። ያንን ፊት ከታመመች ወዲህ አላየሁትም።

"አየሽ" አለችኝ፣ "ለመሥራት ሁለት እጅ ይፈልጋል። ለመተርተር ግን አንድ ይበቃል።" ትንፋሿን ሰበሰበች። "ሁሉም ላድርግልሽ፣ ላድርግልሽ ነው የሚለኝ። አፌን ይጠርጉልኛል። ይሄን ግን እኔው ራሴ ነኝ የማደርገው።"

ጀርባው ሄደ። የእሷ እጅጌ ሄደ። በመጨረሻ የእኔም እጅጌ ሄደ። ሲፈታ የእሷና የእኔ ክር አይለይም።

ክሩን አጥቤ፣ እንዲቃናልኝ ጫፉ ላይ ማንኪያ አንጠልጥዬ አሰጣሁት። ሲደርቅ ስምንት ጥቅል ወጣው። ይሄኔ አንዱን ጥቅል አንስታ ጭኔ ላይ ጣለችው።

"በይ ጀምሪ።"

"ምን ልጀምር?"

"የፈለግሽውን። ጠዋት አንቺ ትሠሪያለሽ፣ ከምሳ በኋላ እኔ እፈታዋለሁ።"

ለምን ብዬ አልጠየቅኩም። ሠራሁ፤ ፈታችው። በማግስቱም እንደዚያው። ወንድሟ በሩ ላይ ቆሞ አየንና "ሁለታችሁም ለየላችሁ" ብሎ ሄደ። መጀመሪያ ቀን፣ ሊፈርስ ምን ያለፋኛል ብዬ ለይስሙላ ነበር የሠራሁት። ገና ስትዳስሰው ነቃችብኝ። "ይሄን ሳታስቢበት ነው የሠራሽው። ለመተርተርም አይጥምም" ብላ መለሰችልኝ። ከዚያ ወዲህ እንደ ሙሽራ ልብስ ተጠንቅቄ ነው የምሠራው። የሚቀር ነገር ስሠራ እንኳ እንደዚህ ተጨንቄ አላውቅም።

የበዓሉ ቀን ደረሰ። ከመንገድ ሙዚቃና የልጆች ጩኸት ይሰማል። ጎረቤት አንድ ሳህን ብስኩት ላከልን። የላላ ስልክ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ከጠዋት ጀምሮ አልጮኸም። እሷም እኔም ወንድሟም እንዳላየነው ሆነን ዋልን። ያን ቀን የተቻለኝን ሁሉ ሠራሁ፤ መሐሉ ላይ እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ ጌጥ ያለው፣ ሁለት ስንዝር የሚሆን። ላላ በግራ መዳፏ ደጋግማ ዳሰሰችው።

"ቆንጆ ነው" አለች። ከዚያ ሳበች።

ግማሹ ላይ ስትደርስ ስልክ ጮኸ። እጇ ደነገጠ። ክሩ ተበጠሰ።

ስልኩ የጎረቤት ነው፤ ከግድግዳው ወዲያ። አንድ ሰው አነሳና "እንኳን አደረሳችሁ!" እያለ ይስቅ ጀመር። ላላ የተበጠሰውን ጫፍ ይዛ ጠረጴዛውን ታያለች። ጫፍና ጫፉን ፈልጌ ቋጠርኩት።

"ሳስቷል" አለችኝ ክሩን በጣቷ እያሸች። "አንድ ጥቅል ስንት ጊዜ መተርተር ይችላል?"

"አምስት ስድስት ጊዜ። ከዚያ ፀጉሩ ያልቅና ይበጣጠሳል።"

"ስምንት ጥቅል አለን።" ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ አሰበች። "ሁለት ወር አይሞላም።"

"ሌላ ክር እገዛለሁ" አልኳት ቶሎ ብዬ። "ነገውኑ እገዛለሁ። የፈለግሽውን ቀለም።"

"አይ፣ ሌላ አልፈልግም። ይሄ እሷን ስጠብቅ የገዛሁት ነው" አለች። "ይሄ ሲያልቅ መጠበቄን እተዋለሁ።"

መጠበቅ ስትተው ምን እንደሚቀራት አውቃለሁ። ልጅቷን ልትጠላት አትችልም፣ መርፌ ልትይዝ አትችልም፤ የምትኖርበት ሌላ ምክንያት ፈልጌ አጣሁላት። እኔ አለሁ ልላት አፌን ከፈትኩ። ግን እኔ ስንት ዓመት ሙሉ ነበርኩ፣ እኔ መኖሬ አይበቃትም። ይህን አውቄም አልተቀየምኳትም።

የቋጠርኩትን ጫፍ መልሼ በግራ እጇ አስያዝኳት። እሷ ሳበች፣ እኔ ጠቀለልኩ። ነገ ጠዋት ተመልሼ እመጣለሁ። የምችለውን ያህል ቀስ ብዬ ነው የምሠራው።